መርቆሬዎስ የተባለው የቬኒስ ሰዓሊ

ባለፈው ዐቢይ ጾም በተልተሌ አካባቢ ካሉት ትናንሽ ማኅበሮቻችን በአንዱ መሥዋዕተ ቅዳሴ ካሳረግን በኋላ፣ ከካቴኪስቶችና ከማኅበሩ ሽማግሎች ጋር ስለ ጸሎት ቤቱ ጉዳይ ለመነጋገር ተቀምጠን ነበር። ጣራው በቆርቆሮ ተከድኗል፤ ግድግዳውም ተመርጎ ኖራ ተቀብቷል፤ ከመሠዊያው በስተኋላ ያለው ግድግዳ ግን ባዶውን ነው። ከማኅበሩ ልጆች አንዱ፣ ሥዕል በራሱ ጥረት የተማረ ወጣት፣ የእመቤታችንን ሥዕል ከልጇ ጋር ሊሥልበት ፈቃደኛ ሆኗል። ለድካሙ ዋጋ አልጠየቀም፤ የቀለሙ ወጪ ግን በምእመናኑ መዋጮ የሚሸፈን ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተነሡ። የመጀመሪያውን ያነሡት አንድ አዛውንት ናቸው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ምድር ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ በቀረበት ጊዜ በረታቸው ባዶ ከሆነባቸው አባወራዎች አንዱ ናቸውና፣ ላሙን ገና ላልተካ ሰው የቀለም መዋጮ ምን ይረባዋል ሲሉ ጠየቁ። ሁለተኛውን ያነሡት ደግሞ አንዲት ባልቴት ናቸው። በሩ ላይ ወደ ተለጠፈው የቀን መቁጠሪያ ሥዕል እያመለከቱ፣ ለእንግዳ ወተት በግራ እጅ አይሰጥም፤ ታዲያ እመቤታችን እንዲህ ያለውን ልጅ በግራ ክንዷ የታቀፈችው ስለ ምንድን ነው አሉ። በቦረናዎች ቋንቋ ቀኝ እጅም መብትም ሚርጋ በሚለው አንድ ቃል እንደሚጠሩ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ከሽማግሎቹ አንዱ መልስ ሰጡ፤ ወደ እርሱ ኋላ እንመለሳለን። ሁለተኛው ግን መልስ ሳያገኝ ዋለ። በዕለቱ የተናገርነው ራሳችንን እንኳ አላረካንም። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን ያነበብነው የአንድ ሰዓሊ ታሪክ ትዝ አለን፤ ይህንኑ ጥያቄ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በዚህችው አገር አስነሥቷል የሚባል ሰው ነው። የኢትዮጵያን የሥዕል ታሪክ ያጠና ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ በምእመናኖቻችን ዘንድ ግን እምብዛም አይነገርለትም። ስለዚህ ሕይወቱን በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኒኮሎ ብራንካሌዮኔ የቬኒስ ሰው ነው። ቬኒስ በ15ኛው መቶ ዘመን የነጋዴዎችና የጥበበኞች ከተማ ነበረች፤ መርከቦቿ እስከ እስክንድርያ ይመላለሱ ነበር፤ እነ ጆቫኒ ቤሊኒም የእመቤታችንን ሥዕል ደጋግመው ይሥሉባት ነበር። ብራንካሌዮኔ ከእነዚያ ታላላቅ ሰዓልያን ተርታ የሚቆም አልነበረም። ሥራዎቹን የመረመሩ ሊቃውንት በከተማው ሚዛን ሲለካ ችሎታው መካከለኛ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ። በቬኒስ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣ አይገኝም ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በድንገት በተከፈተ መንገድ አይደለም። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ቬኒስ ደርሰው ነበር። በ1441 ደግሞ ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፍሎረንስ ጉባኤ ተገኝተዋል። በዚያው መቶ ዘመን ማብቂያም በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተኋላ የምትገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን ነጋድያን ማረፊያ ሆናለች። መንገዱ ግን ብዙ ሰው የሚያስቀር ነበር። የአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ በ1450 ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በላከው ደብዳቤ፣ ቀደም ሲል ወደ ኢትዮጵያ ከሰደዳቸው የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች መካከል አሥራ ሦስቱ በመንገድ ላይ እንዳለቁ በኀዘን ገልጿል። ከዚህ የምንረዳው የኢትዮጵያ ነገሥታት ከአውሮፓ ይፈልጉ የነበረው መሣሪያና ነጋዴ ብቻ ሳይሆን ሠሪ እጅም እንደ ነበረ ነው።

የመጣባትም አገር ሥዕል የማታውቅ አልነበረችም። ይህን አጥብቀን መናገር ይገባናል፤ ምክንያቱም ሥዕልን ለኢትዮጵያውያን ያስተማሩት ፈረንጆች ናቸው የሚል ከንቱ አነጋገር አልፎ አልፎ ይሰማልና። በትግራይ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ባለ ሥዕል ወንጌላት በሳይንስ ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። ብራንካሌዮኔ ሊመጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ደግሞ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችንን በዓላት አብዝተው፣ ተአምሯ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ ሥዕሏም በክብር እንዲያዝ አዝዘው ነበር። በዚሁ ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ ሰዓሊ እጅግ ያማሩ የእመቤታችንን ሥዕሎች ሠርቷል። እንግዲህ ቬኒሳዊው የደረሰው በተዘራ እርሻ ላይ ነው።

ስሙን መጀመሪያ የምናገኘው በፍራንቸስካውያን መዝገብ ነው። በ1480 ገደማ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢትዮጵያ የተላኩት የፍራንቸስካውያን ወንድሞች በንጉሡ ሰፈር ያገኟቸውን ጣልያኖች ለአለቃቸው ነግረዋል፤ የጽዮን ተራራ ገዳም አለቃ የነበሩት አባ ፍራንቸስኮ ሱሪያኖም በመጽሐፋቸው ዘርዝረዋቸዋል። ከተዘረዘሩት መካከል አንዱ መምህር ኒኮሎ ብራንካሌዮኔ ነው። ጣልያኖቹ ወደዚህ አገር የመጡት ዕንቁና የከበረ ድንጋይ ፍለጋ እንደ ነበረ፣ ንጉሡም ከሰጣቸው በኋላ እንዲመለሱ ስላልፈቀደላቸው ልባቸው እንዳልተደሰተ በዚያው ተጽፏል። ለእንግዳ ብዙ ሰጥቶ መንገዱን መዝጋት በዚያ ዘመን የነበረ የቤተ መንግሥት ልማድ ነው፤ ከ1490ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያም እንዲሁ ሳይመለስ ቀርቷል።

ብራንካሌዮኔ የከበረ ድንጋይ ይፈልግ ከነበረ አላገኘም። ያገኘው ሌላ ነገር ነው። የአገሩን ቋንቋ ተማረ፤ ሕዝቡም መርቆሬዎስ ብሎ ስም አወጣለት። መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚሣለው ሰማዕት ነው፤ ከነጭ ፈረስ ጋር ከሚሣለው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በየቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ሆኖ እናየዋለን። ሰዓሊው የተጠራበት ስም፣ እርሱ ራሱ በየግድግዳው ሊሥለው የሚገባ የሰማዕት ስም መሆኑ ያስደስተናል። በዐፄ እስክንድር፣ በዐፄ ናዖድና በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመናት አርባ ዓመት ያህል ሠራ። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሣለ፤ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል አስጌጠ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእንጨት ላይ የሚሣሉ፣ እንደ መስኮት የሚከፈቱና የሚዘጉ፣ ሦስት ክፍል ያላቸው ሥዕሎችን ሠራ። በእንዲህ ያለው ሥራ ሳንቃው ይላጋል፤ በነጭ ልስን ይለሰናል፤ ቀለሙም በዚያ ላይ ይሣላል። መካከለኛው ሰሌዳ ለእመቤታችን ይተዋል፤ በሁለቱ ክንፎች ሐዋርያት፣ ሰማዕታትና የጌታችን ሕማማት ይቀመጣሉ። በጉዞ ጊዜ ክንፎቹ ስለሚታጠፉ ቀለሙ አይጎዳም። የእንስሳ መንጋውን ተከትሎ ከቦታ ቦታ ለሚሄድ ሕዝብም የሚስማማ ዓይነት ሥዕል ይመስለናል።

አሁን ወደ ግራ ክንድ ነገር እንምጣ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፣ ዐፄ በእደ ማርያም በአማራ ሳይንት ባሠሩት በአትሮንስ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይህ የቬኒስ ሰዓሊ እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ሣላት። በአገሩ ልማድ እንዲህ መሣል የተለመደ ነበር። ያዩት ሰዎች ግን ተቈጡ። ግራ እጅ ከቀኝ ያነሰ ክብር ያለው ስለሆነ ጌታን የሚያዋርድ ሥዕል ነው ብለው ሁከት አስነሡ። ንጉሡ ሥዕሉን ስለ ወደደው ግን እንዲጠፋ አልፈቀደም፤ ባለበት ቆየ።

ትረካው የተጻፈው ከነገሩ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ዐፄ በእደ ማርያም ያረፉት በ1478 ሲሆን የሰዓሊው ስም የተመዘገበው ከዚያ ወዲህ በመሆኑ፣ ዘመኑ በትክክል አይገጥምም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እኛም ይህን አንሰውርም። ይሁንና ትረካው ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው አለ ምክንያት አይደለም፤ የተልተሌዋ ባልቴት ማንም ሳይነግራቸው ያንኑ ጥያቄ ደግመውታልና።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ትክክለኛው ማን ነበር? ብዙ ጸሐፊዎች ሰዓሊውን አዋቂ፣ ሕዝቡን አላዋቂ አድርገው ያልፉታል። እኛ እንዲህ አይመስለንም። ሕዝቡ ሥዕሉን አንብቧል። ለንባብ ያልተቀረበ ነገር ማንንም አያስቈጣም። በ600 ገደማ የነበሩት ር.ሊ.ጳ. ታላቁ ጎርጎርዮስ በማርሴይ የነበሩት ጳጳስ ሥዕሎችን በማጥፋታቸው ሲገሥጹአቸው፣ መጽሐፍ ማንበብ የማይችል ሰው በግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል እያየ እንደሚማር አስረድተዋል። ሥዕል መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ የተጻፈበት ቋንቋ አለው፤ ከዚያም ቋንቋ ውስጥ አንዱ የእጅ ቋንቋ ነው። ከቬኒስ የመጣ ሰው በዚህ አገር ቀኝ እጅ ምን እንደሚል፣ ግራ እጅም ምን እንደሚል ገና አልተማረም ነበር። ሳያውቅ የተሳሳተ ፊደል ጻፈ ማለት ነው። አንባቢውም አረመው።

ሰዓሊውን ደግሞ ያለ ምስክር አንተወውም። ያገሩን ልማድ ይዞ የመጣው ለመናቅ አልነበረም። በቀድሞዋ የክርስቲያን ትውፊት ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ በቀኝ እጇ ወደ እርሱ የምታመለክት ጥንታዊት ሥዕል አለች፤ በዚህ ሥዕል ቀኝ እጅ ልጁን ለሚያየው ሰው የሚያሳየው እጅ ነው። እንግዲህ ክብር ያለው እጅ ሥራ አልፈታም፤ ምስክርነት እየሰጠ ነው። ባልቴቷ በጠየቁን ዕለት ይህን ማስታወስ በቻልን ኖሮ! በሌላ በኩል ሕፃኑን በቀኝ ክንድ ያደረጉ ጥንታውያን ሥዕሎችም በምሥራቅ ክርስቲያኖች ዘንድ አሉ። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ላይ ሕግ አላወጣችም። በ787 የተደረገው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ የወሰነው ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ እንደሚያልፍ ነው፤ የክንዱን ነገር ለሰዓሊውና ለሕዝቡ ትቶታል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ ቤተ ክርስቲያን የራሷ ብቻ ነው የምትለው የአሣሣል ስልት እንደሌላት፣ የየሕዝቡን ጥበብ በክብር እንደምትቀበል አስተምሯል።

ካቴኪስቶቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን። ሥዕሉን ያቆየው ንጉሡ ነው ይባላል። በሥልጣን የተጠበቀ ሥዕል ግድግዳው ላይ ይቆይ ይሆናል፤ ሰው ግን በትእዛዝ ተገዶ በፊቱ አይጸልይም። ብራንካሌዮኔን በዚህ አገር ያጸናው የነገሥታቱ ሞገስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራው ከነገሥታቱ ጋር ባለፈ ነበር። እርሱ ግን አርባ ዓመት ተቀምጦ የሕዝቡን ቋንቋ ተማረ፤ የአገሩ ሰዎች የሚያከብሯቸውን ቅዱሳን ሣለ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ኢትዮጵያውያን ሰዓልያንም ከሥራው የሚስማማቸውን ወስደው የማይስማማቸውን ተዉ። የጨርቅ እጥፋት አሣሣልን ከፈረንጁ የወሰደ ሰዓሊ፣ የዓይኑን ትልቅነትና የመስመሩን ጽናት ከአባቶቹ እንደ ያዘ ቀጠለ።

እዚህ ላይ የአዛውንቱን ጥያቄ የመለሱትን ሽማግሌ ቃል እናስገባ። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው በቱላ ጉድጓዶች ውኃ ይቀዱ የነበሩ ናቸው። አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት በእነዚያ ጥልቅ ጉድጓዶች ወንዶች አንዱ ከአንዱ በላይ በመሰላል ቆመው፣ የቆዳውን መቅጃ እየተቀባበሉ፣ በዜማ ውኃውን ወደ ገንዳው ያወጣሉ። ሽማግሌው ያሉት ይህ ነው፤ በድርቁ ጊዜ እንኳ ዘፈኑ አልተቋረጠም፤ ዘፈኑ ከቆመ እጅና እጅ ይተላለፋል፤ ውኃውም ይፈስሳል፤ ከብቱም የጌታውን ድምፅ ሰምቶ ነው ወደ ገንዳው የሚመጣው። ስለ ኪነ ጥበብ ጥቅም ብዙ መጻሕፍትን አንብበናል። ከዚህ የበለጠ ግን አላገኘንም። ለጌጥ ተብሎ በሥራ ላይ የተጨመረ ዘፈን አይደለም፤ ሥራውን ሥራ የሚያደርገው ዘፈን ነው። ቅዳሴ ላይ ያለው ዜማና በመሠዊያው ጀርባ ያለው ሥዕልም እንዲሁ ናቸው።

ወደ ሰዓሊው እንመለስ። በ1520 የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ከመካከላቸው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባሉ ካህን ነበሩ። እስከ 1526 ተቀምጠው ያዩትን ሁሉ ጽፈዋል፤ መጽሐፋቸውም በ1540 በሊዝበን ታትሟል። ብራንካሌዮኔን በዕድሜው ሸምግሎ አገኙት። ለመልእክተኞቹ የአገሩን ነገር እያስረዳ ይረዳቸው ነበር። አባ አልቫሬዝ አንድ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በሥዕሎቹ ተሞልቶ እንዳዩ፣ ስሙም በሥዕሎቹ ላይ እንደ ተጻፈ፣ የአገሩ ሰዎችም መርቆሬዎስ እንደሚሉት ይመሰክራሉ። ስለ ሰውዬው ሲናገሩ ደግሞ ሰዓሊ ቢሆንም እንኳ የተከበረና ታላቅ ጨዋ ሰው ነው የሚል ሐሳብ ጣል አድርገው ያልፋሉ።

ቢሆንም የምትለውን ይህችን ቃል ባነበብናት ቊጥር ቆም እንላለን። ደጉ ካህን ክፉ አስበው አልጻፏትም፤ በእርሳቸው አገር ጨዋ ሰው በእጁ አይሠራምና ጨዋ ሰዓሊ ማግኘት ግር ብሏቸው ነው። እኛስ? በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ ተብሎ፣ ሸክላ ሠሪዋ ተንቃ፣ ሸማኔው በሙያው ተሰድቦ የኖረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በቦረና ምድርም ቱምቱ የሚባሉት ቀጥቃጮች የሠሩት አምባር በክንድ ይደረጋል፤ ልጃቸው ግን ለጋብቻ አይታሰብም። በኑዛዜና በሽምግልና የሰማነውን እዚህ መዘርዘር አይገባም፤ በአንድ ማዕድ የቆረቡ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሲለያዩ አይተናል እንላለን፣ ከዚያ አናልፍም። ጌታችን በናዝሬት የጠራቢ ልጅ ተብሎ መጠራቱን በየዓመቱ እናስተምራለን። በቀን ሦስት ጊዜ ወተት የምንጠጣበትን ጎርፋ ከሥር ክር እየፈተለች፣ ውኃ እንዳያፈስስ አድርጋ የምትጎነጉን እናት ጥበበኛ መሆኗን ግን ስንቶቻችን ተናግረናል? በእጅ የሚሠራ ሰው ክብር ሳይመለስ ስለ ኪነ ጥበብ ክብር መስበክ ለእኛ ለካህናት ያሳፍራል።

ብራንካሌዮኔ ስሙን በሥዕሉ ላይ መጻፉን አንዳንዶች እንደ ትዕቢት ያዩታል፤ ከኢትዮጵያ ሰዓልያን አብዛኞቹ ስማቸውን ሳይተዉ አልፈዋልና። እኛ በሁለቱም መካከል አንፈርድም። ስም አለመጻፍ ትሕትና ሊሆን ይችላል፤ የሠሪውን ስም መጠየቅ የማይገባ መስሎ ለታየው ዘመንም ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ቬኒሳዊው በላቲን ፊደል መጻፉ ግን ጥቅም ሰጥቷል፤ ሥራዎቹ ኋላ የታወቁት በዚሁ ፊርማ ነውና።

ስለ አሟሟቱ የተጻፈ ነገር የለም። ከ1520ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ድምፁ አይሰማም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢማም አሕመድ ጦርነት ተነሣ፤ ከ1529 እስከ 1543 ድረስ በደገኛው አገር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። አትሮንስ ማርያምም በ1531 ተቃጥላለች። የሠዓሊው የግድግዳ ሥራዎች ከዚያ አልዳኑም ማለት ይቻላል። የዳኑት ትናንሾቹ ናቸው፤ መነኩሴ በጋቢው ሥር ሊሸሽጋቸው፣ ሽሽት ሲመጣ በትከሻ ሊያዝላቸው የሚችሉ ባለ ክንፍ ሳንቃዎችና የብራና መጻሕፍት። እነዚህ በየገዳሙ ዕቃ ቤት አራት መቶ ዓመት ያህል ተቀመጡ። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ፖላንዳዊው ምሁር ስታኒስዋፍ ሆይናትስኪ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቤተ መጻሕፍትና በሙዚየም ሥራ ላይ ሳሉ የኢትዮጵያን ሥዕሎች እያሰባሰቡ መርምረዋል፤ ስለ ብራንካሌዮኔ ዛሬ የምናውቀው ብዙው ነገር ከእርሳቸውና እርሳቸውን ከተከተሉ አጥኚዎች የተገኘ ነው። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ ከሥራዎቹ ማየት ይቻላል። ወደ አዲስ አበባ ለሕክምናም ሆነ ለጉዳይ የሚሄዱ ምእመናን ግማሽ ቀን ቢተርፋቸው እንዲጎበኙት እንመክራለን።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሰዓሊው ከሞተ በኋላ የሆነው ነው። በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባዚሊካ የሮማ ሕዝብ ደኅንነት የምትባል ጥንታዊት የእመቤታችን ሥዕል አለች። ኢየሱሳውያን ከ1569 ጀምሮ ቅጂዎቿን ወደ ተልእኮ አገሮች ላኩ፤ ከእነዚያ አንዷ አገር ኢትዮጵያ ናት። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን እምነት በዐዋጅ በሕዝቡ ላይ ተጫነ፤ ነገሩም በደምና በኀዘን ተደመደመ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ራሳቸው ዐዋጁን ሻሩ፤ ቀጥሎም ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ሥዕሏ ግን አልወጣችም። የጎንደር ሰዓልያን ተቀብለው፣ ሰማያዊ መጎናጸፊያዋን፣ የተጣመሩ እጆቿንና በእጇ የያዘችውን መሐረብ ሳይቀር በራሳቸው መስመር ደግመው ደጋግመው ሣሏት፤ ከ17ኛው መቶ ዘመን ወዲህ በአገራችን እጅግ ከተስፋፉት የእመቤታችን ሥዕሎች አንዷ ሆነች። በዚህች ሥዕል ሕፃኑ ያለው በግራ ክንዷ ነው። በአትሮንስ ማርያም ሁከት አስነሣ የተባለው ነገር በጎንደር ዘመን ምእመናን የሚሳለሙት ሆነ፤ ማንም ዐዋጅ አላወጣም። በተልተሌው ጸሎት ቤት በር ላይ የተለጠፈው የቀን መቁጠሪያም የዚህችው ሥዕል ቅጂ ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ከየሐዋርያዊ ጉዟቸው በፊትና በኋላ በፊቷ ይጸልዩ የነበረው፣ በሚያዝያ ወር 2025ም በራሳቸው ፈቃድ በዚያው ባዚሊካ የተቀበሩት ለእርስዋ ካላቸው ፍቅር ነው።

ከትንሣኤ በኋላ ወደ ተልተሌ ስንመለስ ይህን ሁሉ ለባልቴቷ ነገርናቸው። በትዕግሥት ሰሙን። የቀኝ እጇ ሥራ ወደ ልጁ ማመልከት መሆኑን በጥንታዊቱ ሥዕል ስናስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀጥለውም ሰዓሊው ልጅ ይህን ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቁን። ወጣቱ ለራሱ መልስ ሰጠ። በከሰል ንድፉን ግድግዳው ላይ አውጥቶ ነበር፤ ሕፃኑን ያደረገው በቀኝ ክንዷ ነው። ከእናቴ ጀምሮ ያየኋቸው እናቶች ሁሉ ሲታለቡ የሚውሉት ላሞች ዘንድ ሲሄዱ ልጃቸውን የሚያዝሉበትን ጨርቅ በቀኝ ትከሻ አሳልፈው ነው የሚያስሩት፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው አለን። እንዲለውጠው አልነገርነውም። በረታቸው ባዶ የቀረው አዛውንትም መዋጮውን እስካሁን አልሰጡም፤ መሰላሉን ግን ከቤታቸው አምጥተው በግድግዳው ላይ አስደግፈውለታል። ቀለሙ ገና ከያቤሎ አልመጣም።